እጃቸው የሚታይበት ዘመን፦ የድሮ ፎርሙላ ዋን ትዝታ ያላችሁ ወዲህ በሉ

ካምቢዮ
ሰላም ለቤቱ። እንዳንደናገር ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝና የድሮ ቪዲዮ ከፈትኩ። ብራዚላዊው ነጂ አይርተን ሴና ነው፣ 1990፣ ሞናኮ። ካሜራው መኪናው ላይ ተገጥሟል። የሞናኮ መንገድ መቼም የከተማ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ የብረት አጥር፣ ትንሽ ከሳቱ አለቀ። ሰውየው ግን በግራ እጁ ብቻ መሪውን ይዞ በቀኙ ማርሽ ይቀይራል። ቀኝ እጁ ከማርሹ ወደ መሪው፣ ከመሪው ወደ ማርሹ፣ ኩርባ መሃል ላይ እንኳ አያርፍም። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቀኝ እጄ አብሮት ሲንቀሳቀስ አገኘሁት።

በ80ዎቹ መጨረሻ ጣሊያን ነበርኩ፣ ቦሎኛ። አንድ ትንሽ ጋራዥ ተቀጥሬ ነበር። የአገሩ ቋንቋ ገና አልገባኝም፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ከመጀመሪያው ቀን ገባኝ። አለቃዬ ካቻቢቴ ሲል አቀብለዋለሁ፣ ካንዴላ ሲል እፈታለሁ። ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ። ማን አስተማረህ አለኝ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ እነዚህን ቃላት አማርኛ ናቸው ብሎ ነው የሚያድገው፤ እንዴት ብዬ ላስረዳው?

ያ ሰው ነው ኢሞላ የሚባለው የውድድር ቦታ የወሰደኝ። ኤፕሪል 23 ቀን 1989። ቶዛ የምትባለው ኩርባ ፊት ለፊት ዳገት ላይ ሣሩ ላይ ተቀመጥን፣ ዳቦና ሳላሚ ይዘን። ዳገቱ ሁሉ የፌራሪ ባንዲራ ነው። በ4ኛው ዙር መኪኖቹ ሲመጡ አንድ ቀይ መኪና ጎደለ። የገርሃርድ በርገር ነበር። ታምቡሬሎ የምትባለው ኩርባ ላይ ሳይታጠፍለት ቀጥ ብሎ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ነዳጁም ተቀጣጠለ። እኛ ጭሱን ብቻ ነው ያየነው። ያን ያህል ሕዝብ በአንዴ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አለቃዬ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። የእሳት ማጥፊያዎቹ ሰዎች በሰከንዶች ውስጥ ደርሰው አወጡት። እጁ ተቃጠለ፣ ግን ተረፈ፤ አንድ ውድድር ብቻ ነው ያመለጠው።

እንደገና ሲጀመር የሴና የቡድን ጓደኛ አላን ፕሮስት ቀደመ፤ ቶዛ ሲደርሱ ግን ሴና እኛ ፊት አለፈው። ለካ ከውድድሩ በፊት ሁለቱ ስምምነት ነበራቸው፣ መጀመሪያ የቀደመውን ሌላው ላይነካው። በሁለቱ መሃል ያለው ነገር የተበላሸው እዚያች ኩርባ ላይ ነው። እኔ ያየሁት ግን የሴና ቢጫ ሄልሜት ወደ ውስጥ ዘንበል ሲል ነው።

የናንተስ? የማይረሳችሁን ጻፉ። እኔ ጊዜ አለኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።

ሸገር27
ጋሼ ካምቢዮ ዕድሜ ይስጥልን። ቶዛ ላይ ተቀምጠው አዩት ማለት ነው? እኔ ይህን ዓለም ያወቅሁት በቪዲዮ ካሴት ነው። ወንድሜ ከጀርመን ይልክልኝ ነበር፤ ካሴቱ ሲታይ ሲታይ አልቆ ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስሜ ላይ ያለው 27 የነጂው የዢል ቪልኖቭ የመኪና ቁጥር ነው። ዲዦ፣ ፈረንሳይ፣ 1979። አሸናፊው ዣን ፒየር ዣቡይ ነበር፣ በቱርቦ ሞተር የተገኘ የመጀመሪያው ድል። ትልቅ ታሪክ ነው፣ ግን ማን ያስታውሰዋል? ሰው የሚያስታውሰው ከኋላው ለ2ኛ ደረጃ የተያያዙትን ነው፤ ቪልኖቭ በፌራሪ፣ ረኔ አርኑ በሬኖ። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዙሮች ጎማ ለጎማ እየተጋጩ ነው የጨረሱት። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይመለሳል፣ ሁለቱም ከመንገድ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ይመለሳሉ። ቪልኖቭ ቀደመው። ከመኪና ሲወርዱ የተጣላ የለም።

እነዚህ መኪኖች ጎማቸው እንዳልተሸፈነ አትርሱ። የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ ከታች ወደ ላይ እየዞረ ነው የሚመጣው፤ ከኋላ ያለው ጎማ ሲነካው መኪናውን ሽቅብ ይወረውረዋል። እነሱ ይህን አሳምረው ያውቁታል። እያወቁ ነው የተጠጋጉት።

ሜይ 8 ቀን 1982 ቤልጂየም ዞልደር ላይ ዢል የሞተው በዚሁ ነው። ቀስ ብሎ ከሚሄደው የዮኸን ማስ መኪና የኋላ ጎማ ጋር ተነካካና ተወረወረ። 32 ዓመቱ ነበር። ያሸነፈው 6 ውድድር ብቻ ነው፤ የዓመቱን የሻምፒዮና ዋንጫ አልወሰደም። እኔ ግን ከማንም አላወዳድረውም።

ዝናብ አፍቃሪ
የኔ ትዝታ ሁሌም ዝናብ ነው። ሞናኮ 1984። ሴና የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፣ ቶልማን የሚባል ትንሽ ቡድን ውስጥ። ከ13ኛ ተነሳ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ትልልቆቹ አንድ በአንድ አጥር ይገጫሉ፣ ይህ ልጅ ግን አንድ በአንድ እያለፈ ፕሮስት ጀርባ ደረሰ። በ31ኛው ዙር ቀይ ባንዲራ ተውለበለበና ውድድሩ ቆመ። ፕሮስት 1ኛ፣ ሴና 2ኛ። ከኋላቸው ደግሞ ሽቴፋን ቤሎፍ ከመጨረሻ ተነስቶ፣ ቱርቦ በሌለው መኪና፣ ሁለቱንም ሊደርስባቸው ነበር።

አሁን ይህን ስሙኝ። ውድድሩ በግማሽ ስለቆመ ነጥቡም ተገመሰ። ፕሮስት በ9 ፈንታ 4 ተኩል አገኘ። በዓመቱ መጨረሻ ኒኪ ላውዳ 72 ነጥብ፣ ፕሮስት 71 ተኩል። በግማሽ ነጥብ ዋንጫ አጣ! ዝናቡ ሳይቆም ውድድሩ ቀጥሎ ሴና ቢያልፈውና 2ኛ ቢወጣ እንኳ ሙሉ 6 ነጥብ ያገኝ ነበር፣ ሻምፒዮንም ይሆን ነበር። ይህን ሂሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት።

ደግሞ ዶኒንግተን፣ እንግሊዝ፣ 1993። ሴና ከ5ኛ ተነስቶ በአንድ ዙር 1ኛ ሆነ። በአንድ ዙር!

ሸገር27
ወንድሜ፣ ከ4ኛ ነው የተነሳው። መጀመሪያዋ ኩርባ ላይ ነው ወደ 5ኛ የወረደው። ከዚያ ሹማከርን፣ ቬንድሊንገርን፣ ዴመን ሂልን፣ ፕሮስትን በተራ።

ዝናብ አፍቃሪ
ልክ ነህ፣ አመሰግናለሁ። ያውም በዚያ ዓመት የነፕሮስት መኪና ዊሊያምስ ከሁሉም የሚበልጥ ሆኖ ሳለ።

ፕሮፌሰር
ሁሌ ሴና ሴና። ለአላን ፕሮስት የሚናገር አንድ ሰው ይኑር። 4 ዋንጫ፣ 51 ድል።

ጋሼ ስለ እጅ አንስተዋል። የፕሮስትን እጅ አይተው ያውቃሉ? አይንቀሳቀስም! ሌላው ከመሪው ጋር ሲታገል እሱ ሻይ እንደሚያማስል ሰው ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ዘገየ ትላለህ፣ ሰዓቱን ስታይ እሱ ነው ፈጣኑ። ጎማ አይጨርስም፣ ፍሬን አያቃጥልም፣ ነዳጅ ይቆጥባል።

አደሌድ፣ አውስትራሊያ፣ 1986ን ተመልከቱ። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር። ናይጀል ማንሰል 3ኛ ቢወጣ ዋንጫው የሱ ነው። በቀጥታው መንገድ በሙሉ ፍጥነት ሲበር የኋላ ግራ ጎማው ፈነዳ። ብልጭታው እየተረጨ፣ መኪናው ግራ ቀኝ እየዋለለ፣ ማንሰል ይዞት ይዞት ግድግዳ ሳይመታ አቆመው። ያ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው። ቡድኑ ፈርቶ የማንሰልን የቡድን ጓደኛ ፒኬን ጎማ ለማስቀየር ጠራው። ፕሮስት ግን ቀደም ብሎ ጎማው ተንፍሶበት ቀይሮ ነበር፤ ያኔ ጉዳት የመሰለው ነገር ነው ያዳነው። የነዳጅ መለኪያው አልቋል እያለው 1ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ዋንጫውም የሱ ሆነ። መስመሩን እንዳለፈ መኪናውን አቁሞ ወርዶ ዘለለ። ያ ዝም ያለ ሰው እንደ ሕፃን ዘለለ።

ጀማሪ
ይቅርታ፣ እኔ ሐሚልተንን እያየሁ ነው የጀመርኩት። ጥያቄ አለኝ። ያ እጅ ከማርሹ መቼ ወረደ? አሁን ሁሉም ከመሪው ጀርባ ባለች ነገር በጣት ነው የሚቀይሩት።

የመካኒኩ ልጅ
ጀማሪ፣ ልመልስልህ። አባቴ መካኒክ ስለነበር የኔ ቤት ጨዋታ ይህ ነበር።

1989 ነው። ጆን ባርናርድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለፌራሪ 640 የሚባል መኪና ሠራ። የማርሹን ዘንግ አውጥቶ ከመሪው ጀርባ ሁለት ትናንሽ መቅዘፊያ አደረገ፤ በቀኝ ስትስብ ማርሽ ይጨምራል፣ በግራ ይቀንሳል። ፍሪሲዮን ለመነሻ ብቻ። በልምምድ ጊዜ እየተበላሸ ስላስቸገረ ብራዚል ለመጀመሪያው ውድድር ሲሄዱ ይጨርሳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ማንሰል አሸነፈበት። ከዚያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁሉም ቡድን ተከተለ።

ነገሩ ማርሽ ማቅለል ብቻ አይደለም። ዘንጉ ሲወጣ የነጂው መቀመጫ ጠበበ፣ የመኪናው አፍንጫ ቀጠነ፣ አየር በደንብ ማለፍ ጀመረ። ነጂውም ሁለት እጁን ከመሪው ሳያነሳ መቀየር ቻለ። ማርሽ ስቶ ሞተር ማቃጠል ቀረ። በድሮው በአንድ ውድድር በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ነበር የሚቀያየረው፤ ሰዎቹ ሲጨርሱ መዳፋቸው ተልጦ ታየው ነበር።

በእጅ ማርሽ ዋንጫ የበላው የመጨረሻው መኪና የ1991 ማክላረን ነው። የሴና። በዚያው መኪና ነው ብራዚል ላይ፣ በገዛ ከተማው በሳኦ ፓውሎ፣ ያ ነገር የደረሰው። ማርሾቹ አንድ በአንድ ጠፉበት። መጀመሪያ 4ኛው። መጨረሻ ላይ የቀረው 6ኛው ብቻ ነው። እስቲ አስበው፤ መኪና ነድተህ ታውቅ እንደሆነ ጠባብ ኩርባ በትልቅ ማርሽ ስትገባ ሞተሩ ያንቃል፣ ይንቀጠቀጣል። እሱ በ6ኛ ማርሽ ዞረ፣ ያውም ዝናብ ጀምሮ። ፓትሬዜን በ3 ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ገባ። በአገሩ ያገኘው የመጀመሪያ ድል ነበር። በሬዲዮ የጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ደስታ ነው ሕመም ነው አይለይም። ትከሻው ተኮማትሮ ከመኪናው መውጣት አቃተው። ዋንጫውን ሲሰጡት በሁለት እጁ ማንሳት አልቻለም። ከፍ ሊያደርግ ይሞክራል፣ ይወርድበታል፣ እንደገና ይሞክራል።

አባቴ ያን ሲያይ ነው ያለቀሰው። አባቴ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ግን አንድ ነገር ልናገር፣ እንዳትቀየሙኝ። ያ ዘመን ጥሩ ነበር ስንል ስለ ሞቱት ዝም አንበል። ዛንድቮርት፣ ሆላንድ፣ 1973። ሮጀር ዊሊያምሰን ገና ሁለተኛ ውድድሩ ነው። መኪናው ተገልብጦ እሳት ያዘው። እሱ ከስር በሕይወት አለ። ዴቪድ ፐርሊ የሚባል ሌላ ነጂ የራሱን መኪና አቁሞ፣ መንገዱን ሮጦ ተሻግሮ፣ ብቻውን የሚነደውን መኪና ሊገለብጥ ይገፋል። አጠገቡ የቆሙት ሠራተኞች እሳት የሚከላከል ልብስ የላቸውም። ውድድሩ አልቆመም። የሚያልፉት ነጂዎች ፐርሊን ሲያዩ ከእሳቱ የወጣው እሱ ነው ብለው አሰቡ። እጁን እያወናጨፈ ለመናቸው። ማንም አልመጣም። ፐርሊ የእንግሊዝ መንግሥት የጀግንነት ሜዳይ ተሰጠው። ልጁ ግን ሞተ።

ይህን ቪዲዮ አንዴ አይቻለሁ። አልደግመውም።

ካምቢዮ
እህቴ፣ ማን ይቀየምሻል። እውነትሽን ነው። እኔም ያን ቀን ጭሱን ሳይ ሰው ሞቶ ነው ብዬ ነበር። በርገር የተረፈው ከዛንድቮርት ወዲህ ነገር ስለተለወጠ ነው፤ የሠለጠነ ሰው፣ ልብስ ያለው ሰው፣ በየኩርባው ስለቆመ ነው።

ጀማሪ
እኔ ያየሁትን ልጨምር። ባሕሬን 2020፣ ሮማ ግሮዣን። መኪናው አጥሩን በስቶ ለሁለት ተቆረጠ፣ ነደደ። 28 ሰከንድ እሳት ውስጥ ቆየ። ከጭንቅላቱ በላይ ያለው ሄሎ የሚባለው ብረት ባይኖር አበቃለት ነበር። ወጣ። የተቃጠለው እጁ ነው። ቤተሰብ ሁሉ ሳሎን ቁጭ ብለን፣ እናቴ ስለ ውድድሩ ምንም የማታውቀዋ፣ በስመአብ እያለች ቆማ ነበር።

የሜሪላንድ ሾፌር
አውሮፓ አውሮፓ አላችሁ፣ እስቲ ወደ አሜሪካ ኑ። ታክሲ ስነዳ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሰው ስጠብቅ በስልኬ የድሮ የኢንዲያናፖሊስ ውድድር፣ ኢንዲ 500 የሚሉትን፣ ነው የማየው።

ነጂውን ማሪዮ አንድሬቲን ሁሉም አሜሪካዊ ነው ብሎ ይጠራዋል። ሰውየው ስደተኛ ነው! የተወለደው 1940 ኢስትሪያ ውስጥ ነው፣ ያኔ ጣሊያን የነበረ፣ ዛሬ ክሮኤሽያ ያለ አገር። ከጦርነቱ በኋላ ድንበሩ ሲለወጥ ቤተሰቡ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ሉካ የምትባል የጣሊያን ከተማ ስደተኛ መጠለያ ውስጥ 7 ዓመት። ከመንታ ወንድሙ ከአልዶ ጋር በ1954 ሞንዛ የሚባለው የጣሊያን የውድድር ቦታ ሄደው አስካሪ የሚባለውን ነጂ አዩ። በዓመቱ ቤተሰቡ አሜሪካ ገባ፣ ፔንሲልቬንያ። ሁለቱ ልጆች የድሮ መኪና አፍርሰው ጠግነው በተራ መንዳት ጀመሩ።

ያ የመጠለያ ልጅ በ1969 ኢንዲ 500ን አሸነፈ። በ1978 ደግሞ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሆነ፣ ዋንጫውን ያረጋገጠው እዚያው በልጅነቱ አጥር ተደግፎ ባየባት ሞንዛ ነው። ደስታው ግን ደስታ አልሆነለትም። የቡድን ጓደኛው ሮኒ ፒተርሰን መነሻው ላይ ተጋጭቶ በማግስቱ ሞተ።

መጠለያ ያየ ሰው ይህን ታሪክ እንዴት እንደሚሰማው እናንተ ታውቃላችሁ። እኔም አይቻለሁ። በዚያን ጊዜ ስለ መኪና ማለም ቀርቶ ስለ ነገ ማሰብ ይከብድ ነበር።

ደግሞ ዊሊ ቲ ሪብስን አንርሳ። በ1991 ለኢንዲ 500 ያለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ነጂ። ሞተሩ ቶሎ ከዳው፣ ግን ለመግባት የነዳበትን ቀን ፈልጋችሁ እዩት፤ ግማሽ አካሉን ከመኪናው አውጥቶ ለሕዝቡ እጁን ሲያውለበልብ።

ሸገር27
ሾፌር፣ ይህን አላውቅም ነበር። ሉካን በካርታ ፈልጌ አየኋት።

ፕሮፌሰር
ላውዳን ማንም አላነሳም? ኑርበርግሪንግ፣ ኦገስት 1 ቀን 1976። ተጋጭቶ መኪናው ሲነድ ከእሳቱ ያወጡት ሌሎች ነጂዎች ናቸው፤ ሜርዛሪዮ፣ ኤርትል፣ ኤድዋርድስ፣ ላንገር። ቀበቶውን የፈታው አርቱሮ ሜርዛሪዮ ነው። ሆስፒታል ቄስ መጥቶ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሰለት። በ6 ሳምንቱ ሞንዛ ተመልሶ 4ኛ ወጣ። ሄልሜቱን ሲያወልቅ የውስጡ ጨርቅ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ደም ነበረው።

በዓመቱ የመጨረሻ ውድድር፣ ጃፓን ፉጂ ላይ፣ ዝናቡ ሲበረታ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ተፎካካሪው ጄምስ ሃንት በ1 ነጥብ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ብዙ ሰው ፈራ አለው። ለኔ ከሞንዛው ይልቅ ይህ ይበልጣል። መኪና ተበላሸ ብሎ ማመካኘት ይችል ነበር፣ አላመካኘም። በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫውን መልሶ ወሰደ።

ዝናብ አፍቃሪ
ጋሼ ካምቢዮ፣ በ1994 የት ነበሩ? ሜይ 1 ቀን? መጠየቅ ፈርቼ ነው እስካሁን።

ካምቢዮ
ቦሎኛ ነበርኩ ልጄ።

ኢሞላ አልሄድኩም። እሑድ ነበር፣ ከአለቃዬ ቤት ምሳ በልተን በቴሌቪዥን እያየን ነበር። ከዚያ በፊት ዓርብ ባሪኬሎ ተጋጭቶ ተርፏል። ቅዳሜ ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር ሞቷል። የማንም ሰው ፊት ጥሩ አልነበረም። 7ኛው ዙር፣ ታምቡሬሎ ላይ ሴና ግድግዳውን መታ። በርገር የወጣባት ያችው ኩርባ።

በሄሊኮፕተር ወደኛ ከተማ አመጡት፣ ማጆሬ ሆስፒታል። አለቃዬ ቁልፉን አነሳና ምንም ሳይናገር ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። በሩ አካባቢ ብዙ ሰው ቆሞ ነበር። የፌራሪ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፣ ያ ሰው ስንት ዓመት ሲያሸንፋቸው የኖረ። ማንም አይጮህም። አንዲት አሮጊት መቁጠሪያ ይዘዋል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 ላይ ነው ሞተ የተባለው። 34 ዓመቱ ነበር። በኋላ ነው የሰማነው፣ መኪናው ውስጥ የኦስትሪያ ባንዲራ ይዞ ነበር፣ ቢያሸንፍ ለራትዘንበርገር ሊያውለበልብ።

አለቃዬ በማግስቱ ጋራዡን አልከፈተም።

ስለዚያ ይበቃኛል። ግን ስለ እጅ ከጀመርን የአንድ የቦሎኛ ልጅ ነገር አለብኝ። አሌክስ ዛናርዲ። አሜሪካ ሄዶ ካርት (CART) የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ሻምፒዮን ሁለት ጊዜ ሆኗል፣ 1997 እና 1998። ሴፕቴምበር 2001 ጀርመን፣ ላውዚትዝሪንግ። ሊያልቅ 13 ዙር ሲቀረው ከፒት፣ መኪና ከሚታደስበት ቦታ፣ ሲወጣ መኪናው ዞረበትና ሌላ መኪና በሙሉ ፍጥነት መታው። ሁለት እግሩን አጣ። በ2003 እዚያው ተመለሰ። በእጅ የሚነዳ መኪና አዘጋጁለትና የቀሩትን 13 ዙሮች ጨረሰ፣ ብቻውን፣ ሕዝቡ ቆሞ እያጨበጨበ። ያስመዘገበው ሰዓት በዚያ ሳምንት ለውድድር 5ኛ ሆኖ ያስነሳው ነበር።

ከዚያ በእጅ የሚዘወር ብስክሌት ያዘ። ለንደን 2012 ፓራሊምፒክ፣ ሁለት ወርቅ። ውድድሩ የተደረገው ብራንድስ ሃች ላይ ነው፣ ድሮ ፎርሙላ ዋን ይነዱበት የነበረው መንገድ። ፎቶውን ፈልጉት። አስፋልቱ ላይ ተቀምጧል፣ እግር የለውም፣ ብስክሌቱን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ አንስቶታል።